ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ፦ የአቶ ይሄነው ሽባባው የሕይወት ታሪክ

አቶ ይሄነው ሽባባው ከአባታቸው ከአቶ ሽባባው ተገኘ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩአየሁ ባይህ በግምጃ ቤት አካባቢ በምትገኝ የገጠር መንደር በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህ ዓመት የትምህርት ቤት መዝገብ የሚለው ነው። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ተቀብለውት አያውቁም። እርሳቸው የሚሉት «ውርጭ ባቄላውን በአንድ ሌሊት ያጠቆረበት ዓመት» ነው፤ ያ ዓመት የትኛው እንደሆነ ሲጠየቁ ደግሞ አንዱ ጎረቤት ሃምሳ ሦስት፣ ሌላው ሃምሳ ስድስት ይላል። አቶ ይሄነው ራሳቸው ውርጩን ማመን እንደሚሻል፣ መዝገቡን የጻፈው ሰው ያን ቀን ቸኩሎ እንደነበር ይናገሩ ነበር። ቤተሰቡ 1954ን የጻፈው አንዱን መምረጥ ስላለበት ብቻ ነው።

ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ከአዊኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም ነበር፤ አማርኛን ያገኙት ከፊደል ገበታው ጋር አብሮ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ግምጃ ቤት፣ የሁለተኛ ደረጃውን ዳንግላ ተምረው በ1973 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ዳንግላ ሳሉ አንዲት ክፍል አብረዋቸው የተከራዩ የአገራቸው ልጆች ሲመሰክሩ፣ ይሄነው ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ የገባውን ነገር ለሌላ ሲያስረዳ ግን የሚሰማው ሰው ቀድሞ የሚያውቀውንም ያጣ ነበር ይላሉ። ይህ እዚህ የተጻፈው ለቀልድ አይደለም። የሕይወታቸው ሥራ ማስረዳት ሆነ።

በ1975 ዓ.ም. የግብርና ሥልጠናቸውን ጨርሰው በዳንግላ ዙሪያ በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ1982 ዓ.ም. ከወ/ሮ ማናየሽ ቢረስ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ወ/ሮ ማናየሽ ያኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። አቶ ይሄነው ለገበሬው የሚናገሩትን ሁሉ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለባለቤታቸው ይናገሩት ነበር፤ ለእርሳቸው ካልገባ ለማንም አይገባም በሚል። ብዙ ጊዜ አይገባቸውም ነበር። ቢሆንም በማግስቱ ወጥተው ይናገሩታል። ከዚህ ጋብቻ ቢያድግልኝ እና ፋና የተባሉ ሁለት ልጆችን አፍርተዋል።

በ1989 ዓ.ም. ወደ እንጅባራ ተዛወሩ፤ ከተማዋን እስከ መጨረሻው በቀድሞ ስሟ ቆሰበር እያሉ ነው የጠሯት። በ2000 ዓ.ም. ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለሕዝብ የሚያስረዳ ባለሙያ እንዲመደብ ለመሥሪያ ቤታቸው መመሪያ መጣና እርሳቸው ተመደቡ። ለምን እርሳቸው እንደተመረጡ እስካሁን ግልጽ አይደለም። ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚችሉ ነው የሚል አለ፤ ያን ሳምንት ሌሎቹ መስክ ወጥተው ቢሮ የተገኙት እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ ነው የሚልም አለ። ለአጭር ሥልጠና ሄደው አንድ ቦርሳ፣ አንድ ኮፍያ እና ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ወፍራም ሰነድ ይዘው ተመለሱ። ኮፍያውን ወ/ሮ ማናየሽ ጓሮ ሲኮተኩቱ እስካሁን ያደርጉታል። ሰነዱ «ሙቀት አማቂ ጋዞች» ይላል። አቶ ይሄነው ይህን ወደ አዊኛ ለመመለስ ብዙ ከደከሙ በኋላ «ምድርን እንደ ጋቢ የሸፈነ ጭስ» የሚል አገኙ። በዚህ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ የድምፅ ማጉያ ይዘው ቆሰበር ገበያ መሐል ቆሙ። ታኅሣሥ በቆሰበር ምን እንደሚመስል ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም፤ ከሩቅ ለመጣችሁ ብቻ፣ ውርጩ ጣት ይቆርጣል። አቶ ይሄነው ዓለም እየሞቀች መሆኗን፣ ምድር በጭስ ጋቢ መጠቅለሏን፣ ይህም ከዓመት ዓመት እንደሚጨምር ጮክ ብለው አስረዱ። ድንች ዘርግታ የተቀመጠች አንዲት ሴት እጆቿን ብብቷ ውስጥ እንደቀበረች ቀና ብላ አየቻቸው።

«ታዲያ ጌታው፣ እኛ ዘንድ መቼ ነው የሚደርስ?» አለች።

ገበያው ሳቀ። ጋቢው ለሁሉም ይታደል እንደሆነ የጠየቀም ነበር። የዚያ ወር ሪፖርት ለገበያተኛው ግንዛቤ መፈጠሩን ገልጾ ነበርና አቶ ይሄነው በስብሰባ ላይ ተመሰገኑ። ግንዛቤ መፈጠሩስ እውነት ነው፤ ሕዝቡ ሙቀት እየመጣለት መሆኑን ተረድቶ ተደስቷል። አቶ ይሄነው ግን ከምስጋናው በኋላ ለብዙ ጊዜ ምግብ አልበላ እንዳላቸው፣ ሲጠየቁም ሴትዮዋ ልክ ናት ብቻ ይሉ እንደነበር ወ/ሮ ማናየሽ ያስታውሳሉ።

ቀጥለው ስለ ዛፍ መናገር ጀመሩ፤ ይህኛው ሰሚ አገኘ። ሰው በየማሳው ዲከረንስ የሚባለውን የውጭ ግራር ተከለ፤ ተራቁቶ የነበረው ዳገት ለመለመ። ዲከረንስ ቶሎ ይደርሳል። ሲደርስ ይቆረጣል፣ ይከሰላል፣ ከሰሉ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አንድ ገበሬ አዲስ የቆርቆሮ ቤቱን ሲያስመርቅ አቶ ይሄነውን ጠርቶ በተጋባዡ ሁሉ ፊት አመሰገናቸው፤ ዛፍ ትከሉ ያለን እርሱ ነው፣ ይኸው ቤት ሆነልን አለ። አቶ ይሄነው ተመርቀው፣ በልተው፣ ጠጥተው ቤታቸው ገቡና ለባለቤታቸው ነገሩን ዘረዘሩላቸው። ዛፍ ተተክሏል፤ ዛፉ ጭስ ሆኗል፤ ጭሱ ቤት ሆኗል፤ በቤቱ ውስጥ ልጆች ይማራሉ። «እንግዲህ እኔ ምን አደረግሁ ይባላል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ግብዣ በላህ» አሏቸው ወ/ሮ ማናየሽ።

ኋላ በሽታ ገብቶ ዲከረንሱ በየማሳው ሲደርቅ፣ ማዘን ይገባቸው እንደሆነና እንዳልሆነ መለየት አቅቷቸው ነበር። ሁለቱንም ተራ በተራ ሞክረዋል።

ስለ ጥሩምባው ብዙ ተወርቷል። ዛሬ ከለቀስተኛው መካከል ግማሹ ያንኑ እያሰበ ስለሆነ፣ የሆነው እንደሆነው ተጽፏል።

የሰፈሩ እድር ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የያዘ ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አቶ አዝመራው ዳምጤ ማለዳ ሰፈሩን እየዞሩ ይነፋሉ፤ የሟችን ቤት ይናገራሉ፤ ሰውም ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የክረምቱ ዝናብ ዘግይቶ ሊገባ፣ ከገባም በኋላ ለሳምንታት ሊቋረጥ እንደሚችል የሚገልጽ ትንበያ ለመሥሪያ ቤቱ ደረሰ። ዘር መሬት ከመግባቱ በፊት ሕዝቡ መስማት ነበረበት። አቶ ይሄነው ስብሰባ ጠሩ፤ ሰው አልመጣም። ደግመው ጠሩ፤ የተገኙት ወንበር ያመጡት ሰዎች ናቸው። በዚያው ሰሞን በሰፈሩ አንድ ሰው አርፎ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ታማሚ እንኳ ሳይቀር ሁሉም ከቤቱ ሲወጣ አዩ። ሕዝብ የሚሰማው ድምፅ የቱ እንደሆነ በመጨረሻ አገኘሁት አሉ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበሩ።

አቶ አዝመራውን ለብዙ ሰው የሚተርፍ አስቸኳይ ነገር አለ ብለው ለመኗቸው። አቶ አዝመራው ሲናገሩ፣ በምን ዓይነት ልንፋ ብለው አልጠየቁም፤ የሚያውቁት አነፋፍ አንድ ነው። በማግስቱ ማለዳ ሰፈሩን እየዞሩ ነፉና፣ «አቶ ይሄነው ቤት! አቶ ይሄነው ደጃፍ!» እያሉ ተጣሩ። ከዚህ በላይ እንዲሉ የነገራቸው አልነበረም።

ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ሴቶቹ ከመንገዱ መታጠፊያ ጀምሮ እያለቀሱ መጡ። ወ/ሮ ማናየሽ ከጓሮ ሆነው ለቅሶ ወደ በራቸው ሲቀርብ ሰሙ፤ ዳንግላ ያሉት ወንድማቸው የሞቱ መስሏቸው ማንንም ሳይጠይቁ ደረታቸውን እየመቱ ወጡ። የእርሳቸውን ለቅሶ ያየው ሕዝብም መርዶው እውነት መሆኑን አረጋገጠ። አቶ ይሄነውን ስማቸውን እየጠሩ የሚያለቅሱላቸው ነበሩ። አቶ ይሄነው በዚያን ሰዓት የድምፅ ማጉያቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቆመዋል።

የእድሩ ዳኛ አቶ አወቀ ምሕረቴ ሰዉን እየገፉ ቀረቡ።

«ማን ነው የሞተ?» አሉ።

አቶ ይሄነው ስለ ዝናቡ የሚናገሩትን በሁለት ቋንቋ አዘጋጅተው ነበር። ይህ ጥያቄ ይመጣል ብለው ግን አላሰቡም። ማጉያውን ወደ አፋቸው አነሡና መልሰው አወረዱት።

«ይሄነው፣ ማን ነው የሞተ? ነው የምልህ።»

«ማንም» አሉ አቶ ይሄነው። ከዚያ ምን እንደገፋፋቸው ሳያውቁ ጨመሩ፦ «ገና ነው።»

ከዚህ በኋላ ስለ ዝናቡ የተናገሩትን የሰማ ሰው አልተገኘም። ሕዝቡ ነጠላውን እያስተካከለ፣ እየተራገመም ተመለሰ፤ ዘሩንም ዘራ።

ዝናቡ ዘገየ። ዘግይቶ ገብቶም ሐምሌ ላይ ተቋረጠ፤ የበቀለው ደረቀ። ሕዝቡ አቶ ይሄነውን ያመናቸው ያን ጊዜ ነው፤ ያመናቸው ግን እርሳቸው በፈለጉት መንገድ አልነበረም። ጥሩምባ ያለ ሟች አይነፋም፤ ከተነፋ ሟቹን ሳያገኝ አይመለስም፤ ዘንድሮ ያገኘው ዝናቡን ነው ተባለ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ እድሩ ለፍርድ ተቀመጠ። አቶ አወቀ ነገር አላበዙም፤ ማን ሞተ ስንልህ ገና ነው አልከን፣ ይኸው አየነው አሏቸው። የተቃወሙት አቶ አብዱልሀፊዝ ሰዒድ ብቻ ናቸው። አቶ አብዱልሀፊዝ የቤተሰቡ የቅርብ ጎረቤትና የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ናቸው። ሰውየው ሞት አላወጀም፣ ስብሰባ ነው የጠራ ሲሉ ተከራከሩ። እንግዲያው በስብሰባ ጥሩምባ ይጥራ ተባሉ። እንዲህ ያለ ጥሩምባ የለም።

አቶ ይሄነው ከእድሩ ተሰረዙ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በአባልነት ይቀጥላሉ፤ እርሳቸው ሲሞቱ ግን ጥሩምባ አይነፋም፣ ድንኳንም አይተከልም። መመለስ የሚችሉት በእድሩ ፊት ቆመው፣ ሐሰተኛ ጥሩምባ አስነፍቻለሁ ብለው ይቅርታ ሲጠይቁ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ይሄነው የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር። ሞትን አይፈሩም ነበር ቢባል ውሸት ነው፤ ይፈሩ ነበር። ከሞት ይበልጥ የሚፈሩት ግን ጎረቤት ሳይሰማ እንደ ባዳ መቀበርን ነው። ወ/ሮ ማናየሽ አንዲት ቃል ናት፣ በላትና እንገላገል ብለው ለመኗቸው። አቶ ይሄነው ሰውን ስላስለቀስኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ሐሰት ነበር ግን አልልም አሉ። ዝናቡ በእርግጥ ዘግይቷልና። እድሩ ደግሞ ግማሽ ይቅርታ አይቀበልም። ነገሩ እንዲሁ ቀረ።

የተሰረዘ ሰው ለቅሶ መሄድ አይከለከልም። አቶ ይሄነው የሰፈሩ ለቅሶ አላመለጣቸውም፤ ከድንኳኑ ጠርዝ ይቀመጡ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ከጎረቤት አንድ አዛውንት ሲያርፉ፣ ጽሕፈታቸው ጥሩ ነው በሚል የሟችን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፉ ተጠየቁ። ባለቤትየዋን ዓመተ ምሕረት ቢጠይቋቸው አንድም አያውቁም። በመጨረሻ ግራ ገብቷቸው፣ ሟች በልጅነታቸው ውኃ ይቀዱ የነበረው ከየት እንደሆነ ጠየቁ። ሴትዮዋ ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። ገብስ የሚዘራው በየትኛው በዓል ሰሞን እንደነበርም፣ ውርጭ የሚጀምረው ከየትኛው በዓል በኋላ እንደነበርም ያውቁ ነበር። አቶ ይሄነው የተነገራቸውን ጻፉ፤ አቶ አብዱልሀፊዝ አተሙት።

ጽሑፉ በቀብሩ ላይ ሲነበብ ሰው እርስ በርሱ ማንሾካሾክ ጀመረ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ክርክር ሆነ። ያ ምንጭ የደረቀው ደርግ ሳይወድቅ ነው፣ አይ ከወደቀ በኋላ ነው ተባለ። ገብስ ዛሬ በዚያ በዓል ሰሞን ቢዘራ ምን እንደሚሆን አንዱ ተናገረ፤ ሌላው የራሱን ማሳ አነሣ። እስከ ሰልስት ድረስ የተወራው ይኸው ነው። አቶ ይሄነው ከጠርዝ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። የአየር ንብረት የሚለውን ቃል ያነሣ ሰው አልነበረም። ቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው ዛሬ ሥራ ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም አሉ። በወሩ ሪፖርት ላይም አልጻፉትም፤ የሚጻፍበት ቦታ አላገኙለትም።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩን ሟች ታሪክ ሁሉ እርሳቸው ጻፉ። ጥያቄያቸው ያው ነው፤ ውኃ ከየት ይቀዱ ነበር? አቶ አብዱልሀፊዝ እያተሙ ይነተርኳቸው ነበር።

«ወንድሜ፣ ይህ የሟቹ ታሪክ ነው የምንጩ?» ይሏቸዋል።

«ሟቹ ከምን ተሠራ ታዲያ?»

«እኔ ሰፊ ወረቀት የለኝም እንጂ ገደል ገደሉንም ጨምርበት።»

በ2013 ዓ.ም. የእድሩ ዳኛ የአቶ አወቀ እናት ወ/ሮ እታለማሁ አረፉ። አቶ አወቀ ራሳቸው የሰረዙትን ሰው ደጅ መጥናት ከበዳቸውና አቶ አብዱልሀፊዝን ላኩ። አቶ አብዱልሀፊዝ የእናት ታሪክ በወኪል አይጻፍም ብለው መለሷቸው። አቶ አወቀ መጡ፤ ተቀመጡ። ሁለቱም ስለ ጥሩምባው አላነሡም። አቶ ይሄነው የተለመደውን ጠየቁ፤ አቶ አወቀ ከኮሶው ምንጭ ብለው መለሱ። ይህ ከሰፈሩ በላይ ባለው ዳገት ሥር፣ ትልቅ የኮሶ ዛፍ የነበረበት ምንጭ ነው። ዛሬስ ማን ይቀዳበታል ሲሏቸው አቶ አወቀ የምትጽፈውን ጻፍ ብለው ተነሡ።

በቀብሩ ላይ የተነበበው እንዲህ ይላል፦ «ወ/ሮ እታለማሁ ያደጉት ከኮሶው ምንጭ እየቀዱ ነው። ምንጩ ከእርሳቸው ቀድሞ ያረፈ ሲሆን ያለቀሰለት አልነበረም።»

ምንጩን ከብቦ የነበረው ባሕር ዛፍ የአቶ አወቀ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የኮሶውን ዛፍ ማን እንደቆረጠውም ያውቃል። ማንም ግን በዚያ ቀን ወደ እርሳቸው አልተመለከተም። ከሰልስቱ በኋላ አቶ አወቀ ምሳር ይዘው ወደ ዳገቱ ወጡ። ማንንም አልጠሩም፤ በማግስቱ ግን ሰው ሳይጠራ ተከተላቸው። ባሕር ዛፉ ተነቀለ፤ ቦታው ታጠረ፤ ኮሶ ተተከለ። በ2015 ዓ.ም. ከምንጩ ጥቂት ውኃ ታየ። ባሕር ዛፉ ስለተነሣ ይሁን ክረምቱ ጥሩ ስለነበረ፣ አቶ ይሄነው ተጠይቀው አላውቅም ብለዋል። ይህን መልስ የሰሙ ቅር ተሰኝተው ነበር፤ ባለሙያ አይደለህ ወይ ያሏቸው አሉ።

በ2014 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናብተዋል። በስንብቱ ላይ ስለ ግንዛቤ ፈጠራ ሥራቸው ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ለቅሶ ቤቱ አልተነሣም። ከዚያ በኋላ ሰው በመንገድ እያስቆመ ይጠይቃቸው ጀመር። ዘንድሮ ገብሱን ላዘግይ? ድንቹን ልተው? ከዳንግላም፣ ከግምጃ ቤትም የሚደውሉላቸው ነበሩ። መልሱን ሲያውቁ ይመልሳሉ፤ ሳያውቁ አላውቅም ይላሉ። ከእድሩ ጋር ግን እንደተኳረፉ ነበሩ። አቶ አወቀ ነገሩ እንዲያልቅ ፈልገው ሰው ልከውባቸዋል፤ ሐሰት ነበር በልና ዛሬውኑ ስምህ ይመለስ አሏቸው። አቶ ይሄነው ያኔ ዝናቡ መዘግየቱን አቶ አወቀ ይመስክሩና እኔም ይቅርታ እጠይቃለሁ ብለው መለሱ። ሁለቱም በየቤታቸው ቀሩ።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ሕመም ጀመራቸው። በእንጅባራ፣ ኋላም በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው ሕመሙ ስለጠና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ባለቤታቸውን ደጋግመው የጠየቁት ጥሩምባው ይነፋ እንደሆነ ነው። ወ/ሮ ማናየሽ አላውቅም ብለዋቸዋል። ውሸት ተናግረው አያውቁም፤ ያን ጊዜም አልጀመሩም። አቶ ይሄነው ሽባባው በተወለዱ በ64 ዓመታቸው፣ ውርጩን ለሚያምኑ ደግሞ በ62 ወይም በ65 ዓመታቸው፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ አርፈዋል።

ያን ዕለት ዝናብ ይጥል ነበር። በኅዳር፣ ገብስ ታጭዶ በየማሳው በተከመረበት ሰዓት ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ዝናብ ነው።

አቶ አዝመራው ጥሩምባቸውን በጋቢያቸው ሥር ይዘው መጡና በሩ ላይ ቆሙ። ልንፋ ወይ ሲሉ ወ/ሮ ማናየሽን ጠየቁ። ወ/ሮ ማናየሽ እኔን አትጠይቀኝ፣ የከለከለውን ዳኛ ጠይቅ አሏቸው። አቶ አዝመራው ወደ አቶ አወቀ ቤት መንገድ ጀመሩ፤ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ነፉት። ለምን ሳይጠይቁ እንደነፉ በኋላ ሲጠየቁ እጄ ነው ብለዋል። «አቶ ይሄነው ቤት! አቶ ይሄነው ደጃፍ!» ብለውም እንደ ያኔው ተጣሩ።

ሕዝቡ ወጣ፤ ግን ምን ብሎ እንደወጣ ራሱም አያውቅም ነበር። ገሚሱ ነጠላውን አዘቅዝቋል። ገሚሱ ሰውየው ዛሬም ስለ ዝናቡ ሊናገር ነው ብሎ፣ ማጭድና ላስቲክ እንደያዘ ነው የመጣ። ያዘቀዘቁት ያላዘቀዘቁትን እያዩ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ ያላዘቀዘቁት እነዚያን እያዩ ያዘቀዝቃሉ። የሚያለቅስ አልነበረም፤ የሚስቅም አልነበረም። አቶ አወቀ በእጃቸው የራሰ የገብስ ዛላ እንደያዙ ሰዉን ገፍተው ቀረቡ።

«ማን ነው የሞተ?» አሉ።

«ይሄነው» አሉ አቶ አዝመራው።

«ይሄነው ምን አለ?»

«ይሄነው ነው የሞተ።»

አቶ አወቀ እጃቸው ላይ ያለውን ዛላ አዩት። «እኔኮ ልጠይቀው ነበር የመጣሁ» አሉ። «ያጨድኩትን ልሰብስብ ወይስ ልተወው ብዬ።»

ዛላውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ጋቢያቸውን አዘቀዘቁ፤ ድንኳኑ ይምጣ አሉ። የእድሩ ፍርድ መቼ እንደተሻረ፣ ማን እንደሻረውም የሚያውቅ አልተገኘም፤ ይቅርታ የጠየቀም የለም። ድንኳኑ ግን ተተክሏል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ላስቲክና ማጭድ ይዘው የወጡት ለቀስተኞች ሄደው የአቶ አወቀን ገብስ ሰብስበው አስገብተዋል። ዝናቡ በማታ ተመልሶ መጥቷል። ሰብስቡ ያላቸው ማንም አልነበረም።

አቶ ይሄነው ባለቤታቸውን ወ/ሮ ማናየሽ ቢረስን፣ ልጆቻቸውን ቢያድግልኝ ይሄነውን እና ፋና ይሄነውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን እና አንዲት እህት ትተው ሄደዋል።

ይህ ታሪክ አንድ ነገር ይጎድለዋል። አቶ ይሄነው የሰፈሩ ሟች ሁሉ በልጅነቱ ውኃ ከየት ይቀዳ እንደነበር ጠይቀው ጽፈዋል። እርሳቸውን ግን የጠየቀ የለም፤ ቤተሰቡም አልጠየቀም። እህታቸው ከመንደሩ በላይ ካለው ምንጭ ነው ይላሉ፤ የአጎታቸው ልጆች አይደለም፣ ከታች ካለው ነው ይላሉ። ሁለቱም ዛሬ ደረቅ ናቸው። ከግምጃ ቤት የመጣችሁ፣ እርግጡን የምታውቁ ካላችሁ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ለቤተሰቡ ንገሩ፤ ብትከራከሩበትም ቤተሰቡ ቅር አይለውም።

እግዚአብሔር የአባታችንን የአቶ ይሄነው ሽባባውን ነፍስ በማይነጥፍ ምንጭ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም የምንጠይቀውን ሰው አያሳጣን። አሜን።